ሐሊማ አስ-ሰዕዲያ፦ ጡት ያዛመዳት እናት



በዚህ እትም የሲራ ዓምዳችን የምናነሳትን ሴት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ በመድረሳም በቤታችንም ስሟን ሰምተናል። ሐሊማ አስ-ሰዕዲያን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ብዙዎቻችን የምናስታውሰው አህያዋ እንደፈጠነችና የግመሏ ግት በወተት እንደሞላ ብቻ ነው። ሴትየዋ ራሷ ማን ነበረች? የምትሠራው ሥራ ምን ነበር? ያጠባችው ሕጻን ካደገ በኋላስ በመካከላቸው ምን ቀረ? እነዚህን ጥያቄዎች የምናነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በግቢ ሕይወት ወልደው ብዙም ሳይቆዩ ወደ ክፍል የሚመለሱ እህቶች አሉ። ተመርቀው ሥራ የያዙትም የወሊድ ፈቃዳቸው ሲያልቅ ማጥባቱን እንዴት እንቀጥል እያሉ ይጨነቃሉ። ወተት ያልመጣላትን እህት ልጅ እኔ ላጥባላት የምትል ደግም አትጠፋም። ሐሊማ በዚህ መንገድ ሁሉ አልፋለች።

ሐሊማ የአቡ ዙዐይብ ልጅ ናት። ጎሳዋ በኒ ሰዕድ ኢብኑ በክር ሲሆን የታላቁ የሀዋዚን ነገድ አንድ ቅርንጫፍ ነው። ኑሯቸው ከመካ ወጣ ብሎ፣ በጣኢፍ አቅራቢያ ባለው ገጠር ነበር። ባሏ አል-ሐሪስ ኢብኑ ዐብዱል-ዑዛም የዚያው ጎሳ ሰው ነው። የሲራ ጸሐፊዎች ሦስት ልጆች ይጠቅሱላቸዋል፦ ዐብደላህ፣ ኡነይሳ እና አሽ-ሸይማእ በሚል ቅጽል ስም የምትታወቀው ሴት ልጅ። የሸይማእን ስም ያዙልን፤ በኋላ እንመለስባታለን።

በዚያ ዘመን የመካ ቁረይሾች ጨቅላ ልጆቻቸውን ለገጠር አጥቢዎች የመስጠት ልማድ ነበራቸው። መካ ከየአቅጣጫው ሰው የሚጎርፍባትና በሽታ የሚበዛባት ከተማ ስለነበረች ልጁ በንጹሕ የበረሃ አየር እንዲጠነክር ይፈልጋሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ምላሱ በጠራ ዐረብኛ እንዲፈታ ይሻሉ፤ የበኒ ሰዕድ ሰዎች በዚህ የታወቁ ነበሩ። የገጠር ሴቶች ጊዜ ጠብቀው በቡድን ወደ መካ ይወርዱና እየዞሩ የሚያጠቡት ሕጻን ይፈልጋሉ። ዛሬ በምንረዳው ቋንቋ ይህ ሥራ ነው። ሴቶቹ የራሳቸውን ጨቅላ አዝለው፣ የሌላውን ጨምረው እያጠቡ ቤታቸውን ይደግፉበታል። ክፍያው ከሕጻኑ አባት የሚመጣ ስጦታና ውለታ ነበር።

እስልምና ሲመጣ ይህን ልማድ አልሻረውም። በሱረቱል በቀራ 233ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) እናቶች ማጥባቱን ለመሙላት ለሚሻ ሁለት ሙሉ ዓመት እንዲያጠቡ ከደነገገ በኋላ፣ ወላጆች ልጃቸውን በሌላ ሴት ማስጠባት ከፈለጉ ተገቢውን ክፍያ እስከሰጡ ድረስ ኃጢአት እንደሌለባቸው አስቀምጧል። ልጁን ጡት ማስጣሉንም የእናትና የአባት የጋራ ምክክር አድርጎታል። በሱረቱ-ጦላቅ ደግሞ የተፈታች ሴት ልጁን ካጠባች ደሞዟ እንዲከፈላት ታዟል። የሙሳ (ዐ.ሰ) እናትም የገዛ ልጇን በፊርዐውን ቤት አጥቢ ተብላ አጥብታለች። ስለዚህ ማጥባት ድካም መሆኑን፣ ድካሙም ዋጋ እንዳለው መናገር ከዲናችን ውጭ የመጣ አዲስ ሐሳብ አይደለም።

ዓመቱ የዝሆኑ ዓመት ነው፤ እ.ኤ.አ 570 አካባቢ። በበኒ ሰዕድ አገር ድርቅ ገብቷል። ሐሊማ ከባሏና ከሚጠባ ልጇ ጋር፣ ከጎሳዋ ሴቶች ጋር ተያይዛ ወደ መካ ጉዞ ጀመረች። የተቀመጠችባት ነጣ ያለች እንስት አህያ በረሃብ ከመዳከሟ የተነሳ ወደ ኋላ እየቀረች መንገደኛውን ሁሉ አስቸገረች። አብራቸው የምትጓዘው አሮጊት ግመል አንዲት ጠብታ ወተት የላትም። ሌሊት ሌሊት ሕጻኑ በረሃብ ያለቅሳል፤ እነሱም እንቅልፍ የላቸውም። የሐሊማ ጡት ልጇን የሚያጠግብ ወተት አልነበረውም።

ይህን ታሪክ ስንተርክ ቶሎ ብለን ወደ በረካው እንሮጣለንና እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባናል። ለእኛ ከታሪኩ ሁሉ ከባዱ ቦታ ይህ ነው። ሴትየዋ የራሷን ልጅ ማጥገብ አቅቷት ሳለ የሌላ ሰው ልጅ ለማጥባት መንገድ ላይ ነበረች። ችግር ባይገፋት ኖሮ ከቤቷ አትወጣም ነበር። ጨቅላ ይዘው ሥራ የሚገቡ እናቶችን ለምን ቤታቸው አይቀመጡም ብለው የሚፈርዱ ወንድሞች ይህችን ሌሊት ቢያስቧት መልካም ነው።

መካ ሲደርሱ ሴቶቹ ተበታትነው ሕጻን ፍለጋ ገቡ። ሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ) ለሁሉም አቀረቡላቸው፤ የቲም መሆናቸው ሲነገራት እያንዳንዷ ትታቸው ትሄዳለች። ስጦታ የሚጠበቀው ከአባት ነው፤ አባታቸው ዐብደላህ ደግሞ ከመወለዳቸው በፊት አልፏል። እናትና አያት ምን ይሰጣሉ ብለው አሰቡ። ሐሊማም መጀመሪያ እንደ ሌሎቹ ነበረች፤ ሲራው ይህን አልደበቀላትም። ጓደኞቿ ሁሉ የሚያጠቡትን አግኝተው ለመመለስ ሲነሱ እሷ ባዶ እጇን ቀረች። ባዶ እጇን ከመመለስ ያን የቲም ልጅ ብትወስድ እንደሚሻል ለባሏ ነገረችው። እሱም ምናልባት አላህ በረካ ያደርግልን ይሆናል በሚል ተስፋ ተስማማ። ሄዳም ወሰደቻቸው።

እስከዚያ ድረስ ሕጻኑ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከእናታቸው ከአሚና ቢንት ወህብ ሌላ ሱወይባ የተባለች የአቡ ለሀብ ባሪያ ለጥቂት ቀናት መስሩሕ ከተባለው ልጇ ጋር አጥብታቸው ነበር። ሱወይባ ከእሳቸው በፊት አጎታቸውን ሐምዛን፣ እንዲሁም አቡ ሰለማን አጥብታለች። ይህ ነገር በኋላ ትልቅ ፍሬ ነገር ይሆናል። በቤቱ ውስጥ ደግሞ ከአባታቸው የቀረች አንዲት የሐበሻ ሴት ነበረች፦ በረካ፣ በኋላ ኡሙ አይመን የተባለችው። የአገራችን ልጅ መሆኗን ስናስብ ደስ ይለናል፤ ራሷን የቻለ ጽሑፍ ስለሚገባት ግን እዚህ በጨረፍታ እናልፋታለን።

ሐሊማ ሕጻኑን ታቅፋ ወደ ማረፊያዋ እንደተመለሰች ጡቷ አጋተ። እሳቸው ጠጥተው ጠገቡ፤ የጡት ወንድማቸውም ጠጥቶ ጠገበ፤ ሁለቱም ተኙ። ባሏ ወደ ግመሏ ቢሄድ ግቷ ሞልቶ አገኛት። አልቦ ሁለቱም እስኪጠግቡ ጠጡ። በነጋታው ያቺ ደካማ አህያ ሁሉንም ቀድማ ጓደኞቿን አስገረመች። አገራቸው ሲገቡም የእነሱ ፍየልና በግ ጠግቦ፣ ወተት ይዞ ሲመለስ የጎረቤት ከብት እንደተራበ ይመለስ ነበር። ጎረቤቶቿ እረኞቻቸውን የሐሊማ መንጋ የሚሰማራበት እንዲያሰማሩ ቢቆጡም ለውጥ አልመጣም።

እኛ ይህን በረካ ብለን እናምናለን፤ በሐኪም ማብራሪያ አንለውጠውም። ግን ልጅ ሲጠባ ወተት እንደሚጨምር፣ ጡቱ ሳይጠባ ወይም ሳይታለብ ሲውል ደግሞ እንደሚቀንስ ሐኪሞች ይነግሩናል። የአላህ ሱና በተፈጥሮ ውስጥም አለና። ሐሊማ ሁለት ሕጻናትን በአንድ ጊዜ አጥብታለች፤ ለሁለቱም በቅቷል። የራሷን ልጅ ለገንዘብ ብላ አልከለከለችም።

ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ጡት አስጣለቻቸው። እንደ ደንቡ ለእናታቸው ልትመልሳቸው ይዛ ወደ መካ ወረደች። ሥራው እዚህ ላይ አልቋል፤ ክፍያዋን ተቀብላ መሄድ ትችል ነበር። እሷ ግን መለየት አቃታት። የመካ ወረርሽኝ ልጁን እንዳይጎዳ እሰጋለሁ እያለች አሚናን ወተወተቻት፤ አሚናም ፈቀደችላትና ይዛቸው ተመለሰች። ልጁ ያመጣው በረካ እንዳይለያት መፈለጓንም ዘጋቢዎቹ አይሸሽጉም። ለልጁ መሳሳትና የቤትን ጥቅም ማሰብ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ በዚህ የምንወቅሳት አንሆንም።

ከዚያም የደረት መከፈት ክስተት መጣ። ሶሒሕ ሙስሊም ከአነስ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ከልጆች ጋር ሲጫወቱ ጂብሪል (ዐ.ሰ) መጥቶ ደረታቸውን ከፍቶ ልባቸውን አውጥቶ አጠበ። ልጆቹ ወደ አጥቢ እናታቸው ሮጠው ሙሐመድ ተገደለ አሉ። ሲደርሱ ፊታቸው ገርጥቶ ቆመው አገኟቸው። ሐሊማና ባሏ በጣም ደነገጡ፤ በአደራ የተሰጣቸው የሰው ልጅ ነው። ችግር ሳይከተል ለእናታቸው እንመልሳቸው ብለው ወሰኑና ወደ መካ ይዘዋቸው ሄዱ። ዕድሜያቸው ያን ጊዜ አራት ወይም አምስት ዓመት ገደማ ነበር። ስድስት ዓመት ሲሆናቸው እናታቸው አሚና አብዋእ ላይ አረፈች፤ ወደ መካ የመለሰቻቸው ያቺው ሐበሻዊት ኡሙ አይመን ናት።

እዚህ ላይ የሐሊማን ታሪክ ጥቂት ገታ እናድርገው። ልጁን መልሳለች፤ ከዚያ በኋላ ምን ናት? የቀድሞ ሠራተኛ? ሸሪዓችን የሰጠው መልስ እናት ናት የሚል ነው። በሱረቱ-ኒሳእ 23ኛው አንቀጽ ሊያገቧቸው ከማይፈቀዱ ሴቶች ዝርዝር ውስጥ ያጠቡ እናቶችና የጡት እህቶች ከወለዱ እናቶችና ከሥጋ እህቶች ጋር አብረው ተቆጥረዋል። በትውልድ ሐራም የሚሆነው በጥቢም ሐራም ይሆናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን በራሳቸው ላይ ፈጽመውታል። የአጎታቸውን የሐምዛን ልጅ እንዲያገቡ ሐሳብ ሲቀርብላቸው፣ ሐምዛ የጡት ወንድማቸው ስለሆነ እንደማትፈቀድላቸው አስረዱ። ያዛመዳቸው የሱወይባ ጡት ነው፤ ለጥቂት ቀናት ያጠባች ባሪያ ወተት በቁረይሽ ባላባቶች መካከል ሕግ ሆነ ማለት ነው።

ዝምድናው እስከ ምን ይደርሳል? የጠባው ልጅ ለአጥቢዋ፣ ለባሏና ለልጆቿ ሁሉ ዘመድ ይሆናል፤ መሕረም ነው፤ ጋብቻ የለም። ውርስና የመቀለብ ግዴታ ግን አይከተለውም። የጠባው ልጅ ሌሎች ወንድሞችና እህቶች፣ እነሱ ካልጠቡ በስተቀር፣ በዚህ አይነኩም። ብዙዎቻችን የምናምታታው ይህን ነው። በመጠኑ ላይ መዝሀቦች ይለያያሉ። በሻፊዒይና በሐንበሊይ አምስት የተለያዩና ሙሉ ጥቢዎች ያስፈልጋሉ፤ በሐነፊይና በማሊኪይ ጥቂቱም ይበቃል። ጥቢው በሕጻንነት፣ በአብዛኞቹ ዘንድ በሁለት ዓመት ውስጥ መሆን አለበት። ከጡት በቀጥታ ሳይሆን ታልቦ በዕቃ የተሰጠ ወተትም በአራቱ መዝሀቦች አብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ያዛምዳል። በአገራችን አንድ ጎልማሳ ለአንድ ትልቅ ሰው የጡት ልጅ የሚሆንበት የቆየ ባህል እንዳለ እናውቃለን። ያ የመተሳሰሪያ ምሳሌ ነው እንጂ በሸሪዓ መሕረም አያደርግም።

አንድ ሶሐባ ላይ የደረሰውን እንጥቀስ። ዑቅባ ኢብኑል ሐሪስ (ረ.ዐ) የአቡ ኢሃብን ልጅ አገባ። ከዚያ አንዲት ሴት መጥታ ሁለታችሁንም አጥብቻችኋለሁ አለች። እሱ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ቀድማም አልነገረችውም። ጉዳዩ ስላስጨነቀው ከመካ ተነስቶ መዲና ድረስ ጋልቦ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቀ። እሳቸውም ነገሩ ከተባለ በኋላ እንዴት አብሮ መኖር ይቻላል በሚል መንፈስ እንዲለያት መሩት፤ ተለያዩ፤ እሷም ሌላ ባል አገባች። ቡኻሪ የዘገቡት ነው። ሰዎቹ አላጠፉም። ችግሩ ጥቢው አለመነገሩና አለመታወቁ ነበር።

ዛሬ ስለ እናት ወተት ልገሳ ስናስብ ልንይዘው የሚገባን ይህ ይመስለናል። ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ጨቅላዎች የእናት ወተት ከከባድ የአንጀት ሕመም ይጠብቃል፤ የወለደቻቸው እናት ወተት ካልደረሰ የሌላ እናት ወተት ሕይወት ያተርፋል። በሌላው ዓለም ለዚህ የወተት ባንኮች አሉ። ከለጋሾች የተሰበሰበውን ወተት መርምረው፣ በ62.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ደቂቃ አሙቀው፣ አቀዝቅዘው ያስቀምጣሉ። ብዙ ጊዜ የበርካታ ሴቶች ወተት ይቀላቀላል፤ የለጋሽዋም ስም ለተቀባይ አይነገርም። በ1985 እ.ኤ.አ ጂዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እንዲህ ያሉ ባንኮች በሙስሊሙ ዓለም እንዳይቋቋሙ፣ ከእነሱም ወተት መጠጣት እንዳይፈቀድ ወስኗል፤ ምክንያቱም ዝምድናው የሚጠፋበት መሆኑ ነው። ሸይኽ ዩሱፍ አል-ቀርዷዊ ደግሞ ማጥባት ማለት ከጡት መጥባት ነው፣ ማንነቱና መጠኑ ያልታወቀ ወተትም በጥርጣሬ ብቻ አያዛምድም በሚል ፈቅደውታል። የዑለማዎችን ልዩነት እዚህ የመዳኘት አቅም የለንም። ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች ስሟ የታወቀች ሴት የታወቀ ልጅ ብታጠባ አይከለክሉም፤ የሐሊማ መንገድ ይኸው ነበር።

ስለዚህ በእህቶቻችን መካከል ይህ ሲገጥም አደራ የምንለው ነገር አለ። መጀመሪያ ሐኪም ይጠየቅ፤ ኤች አይ ቪን የመሰሉ በሽታዎች በወተት ይተላለፋሉና አጥቢዋ መመርመር አለባት። ባሏም ይወቅ፤ እሱም የጡት አባት ይሆናልና። ከዚያ የአጥቢዋና የባሏ፣ የልጁና የወላጆቹ ሙሉ ስም፣ ቀኑና ስንት ጊዜ እንደጠባ በወረቀት ይጻፍ፤ አንዱ ቅጂ በአንዱ ቤት፣ ሌላው በሌላው ቤት ይቀመጥ። የግቢ ጓደኝነት ከምረቃ በኋላ ይበተናል። አንዷ ጅማ፣ አንዷ ደሴ፣ አንዷ ጅዳ ትሆናለች። ከሃያ ዓመት በኋላ ልጆቹ በአንድ ግቢ ተገናኝተው ኒካሕ ቢያስቡ የሚያስታውሳቸው ያ ወረቀት ነው።

የራሳቸውን ልጅ እያጠቡ ወደ ሥራ ለሚመለሱት ደግሞ ጥቂት እንበል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይመክራል። በመካከሉ ያሉት ሦስት ወራት የሚሞሉት ወተትን አልቦ በማስቀመጥ ነው። በንጹሕ እጅ፣ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ የታለበ ወተት ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ እስከ አራት ሰዓት፣ በፍሪጅ እስከ አራት ቀን ይቆያል። ሲሰጥ ዕቃውን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ማቆም እንጂ በእሳት ማፍላት አያስፈልግም። ቀን ላይ ልጁ በሚጠባባቸው ሰዓታት ማለብ ወተቱ እንዳይቀንስ ይረዳል። ለዚህ የሚያስፈልገው ንጹሕና በሩ የሚዘጋ ክፍል ነው። የእህቶች መስገጃ ባለበት ሁሉ ለአጥቢ እናቶች በመጋረጃ የተከለለ ጥግ ማበጀት ከጀመዓ አቅም በላይ አይደለም ብለን እናምናለን።

ወደ ሐሊማ እንመለስ። ልጁን ከመለሰች በኋላ ለረጅም ዓመታት ስለ እሷ ብዙ አልተጻፈም። ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ኸዲጃን (ረ.ዐ) ካገቡ በኋላ ድርቅ እንደገና በገባ ጊዜ ወደ መካ መጥታ ችግሯን እንዳዋየቻቸው ኢብኑ ሰዕድ ዘግበዋል። ለኸዲጃ ነግረውላት አርባ በግና አንድ ግመል ተሰጥቷት ወደ ቤተሰቧ ተመለሰች። ለሱወይባም ከመዲና ሆነው ልብስና ስጦታ ይልኩላት ነበር። ለእኛ የሚገርመን የስጦታው መጠን አይደለም። ጥቢው ካበቃ ከሃያ ዓመት በላይ አልፎ ሳለ ሴትየዋ ለመምጣት አለማፈሯና እሳቸውም አለመዘንጋታቸው ነው።

ከዚያ 8ኛው ዓመተ ሂጅራ መጣ። መካ በተከፈተች በጥቂት ሳምንታት ሀዋዚን ለጦርነት ተነሳ፤ የሐሊማ ጎሳ በኒ ሰዕድም ከውስጡ ነበር። መሪያቸው ማሊክ ኢብኑ ዐውፍ ተዋጊው እንዳይሸሽ በማለት ሴቶችን፣ ሕጻናትንና ከብቱን ሁሉ ወደ ጦር ሜዳ አስነዳ። ሑነይን ላይ ሙስሊሞቹ በመጀመሪያው ድንጋጤ ሲበተኑ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቅሎ አጠገብ ካልተነቃነቁት ጥቂቶች አንዱ አቡ ሱፍያን ኢብኑል ሐሪስ ነበር። ይህ ሰው የአጎታቸው ልጅ ብቻ ሳይሆን ሐሊማ ያጠባችው የጡት ወንድማቸው ነው። ለዓመታት በግጥም ሲሰድባቸው ኖሮ በመካ መከፈት ሰሞን ነበር የሰለመው። እንግዲህ በዚያ ሸለቆ በአንድ በኩል የሐሊማ ጡት ልጆች፣ በሌላው በኩል የሐሊማ ጎሳ ቆመው ነበር።

ድሉ የሙስሊሞች ሆነ፤ ስድስት ሺህ ያህል ሴቶችና ሕጻናት ተማረኩ። ከመካከላቸው አንዲት በዕድሜ የገፋች ሴት ለሚነዷት ወታደሮች የመሪያችሁ እህት ነኝ ብትላቸው አላመኗትም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊት ሲያቀርቧት ምልክት ጠየቋት። በልጅነታቸው አዝላቸው ሳለ ጀርባዋን እንደነከሷት ነግራ ጠባሳውን አሳየች። ሸይማእ ነበረች። ኩታቸውን አንጥፈው አስቀመጧት። በክብር አብራቸው እንድትኖር ወይም ስጦታ ይዛ ወደ ወገኖቿ እንድትመለስ ምርጫ ሰጧት፤ ወገኖቿን መረጠች፤ ስጦታ ሰጥተው ሸኟት።

የሀዋዚን መልእክተኞች ጂዕራና ላይ ሰልመው ሲመጡ ያቀረቡት ዋነኛ ልመና የጡት ነበር። ከመልእክተኞቹ አንዱ ዙሀይር ኢብኑ ሱረድ ተነስቶ በእነዚያ በረቶች ውስጥ ከታጎሩት መካከል የጡት አክስቶቻቸውና ያሳደጓቸው ሴቶች እንዳሉ አስታወሳቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከቤተሰብና ከንብረት አንዱን እንዲመርጡ አደረጓቸው፤ ቤተሰባቸውን መረጡ። የራሳቸውንና የበኒ ዐብዱል ሙጠሊብን ድርሻ ወዲያው ለቀቁ። ከዙሁር ሶላት በኋላ መልእክተኞቹ በሕዝቡ ፊት ሲቆሙ ሙሃጂሮችና አንሷሮችም ድርሻቸውን ለቀቁ። አልሰጥም ያሉ የጎሳ አለቆች ነበሩ፤ ለእነሱም በቀጣይ ከሚገኘው ምርኮ በአንድ ሰው ስድስት ግመል እንደሚሰጣቸው ቃል ተገባላቸውና ሁሉም ተለቀቁ።

ሐሊማ ራሷ ያን ቀን በሕይወት ነበረች ወይ በሚለው ላይ የሲራ ጸሐፊዎች አይስማሙም፤ ከዚያ በፊት ማረፏን የሚዘግቡ አሉ። መስለሟን በርካታ ዑለማዎች ያጸድቃሉ፤ ሙግለጧይ የተባሉት ሊቅ ይህን ለማስረዳት ብቻ አንድ መጽሐፍ ጽፈዋል። አቡ ዳውድ ከአቡ ጡፈይል የዘገቡት አንድ ሐዲስ አለ፤ የሐዲስ ሊቃውንት በሰነዱ ላይ ነቀፌታ አላቸው፤ ሴትየዋ ሸይማእ ልትሆን ትችላለች ያሉም አሉ። አቡ ጡፈይል ያን ጊዜ የግመል ሥጋ የሚሸከም ልጅ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጂዕራና ላይ ሥጋ ሲያከፋፍሉ አንዲት ሴት ወደ እሳቸው ስትቀርብ አየ። ኩታቸውን አነጠፉላት፤ ተቀመጠችበት። ልጁ ይህች ማን ናት ብሎ ጠየቀ፤ በዙሪያው የነበሩትም ያጠባቻቸው እናታቸው ናት አሉት።